የጠዋቷ ክኒን

ብረት ስቀጠቅጥ እንኳ በጓሮ በኩል የባለቤቴ ድምፅ ከጆሮዬ አይጠፋም ነበር። ከዶሮዎቿ ጋር ትጣላለች፣ በአጥር ላይ ከጎረቤት ጋር ትሳሳቃለች፣ የሚያናግራት ስታጣ ደግሞ በጋሞኛ ታንጎራጉራለች። ድምጿ ካለ እጄ ይፈጥናል። ድምጿ ከተቋረጠ መዶሻውን አየር ላይ አቆመውና አንድ ትንፋሽ እጠብቃለሁ። አሁንም ዝም ካለ መዶሻውን ጥዬ እሮጣለሁ። ብዙውን ጊዜ ማንጎ ስትበላ ነው የማገኛት።

"ምነው ሰውዬ፣ ጅብ አባረረህ?" ትለኛለች።

"ለምን ዝም አልሽ?"

"አፌ ሙሉ ነዋ! ሰው ማንጎ እየበላ ይዘፍናል?"

ሁልጊዜ ግን ማንጎ አልነበረም። አንዳንዴ ዶሮዎቹ ተበታትነው፣ ማሰሮው ተሰብሮ፣ እሷ መሬት ላይ ተዘርራ፣ ዓይኗ ነጩ ብቻ ቀርቶ፣ እጅና እግሯ ሲንዘፈዘፍ እደርሳለሁ። ብዙዎች እኔን ደፋር ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ያን ዝምታ ግን እንደምፈራው ሞትን እንኳ አልፈራም።

እኔ ማን እንደሆንኩ ራሴ ልናገር፤ ሌላ ሰው ሲናገርልኝ ያሳንሰዋልና። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደልን በመሠረተ ትምህርት ጀመርኩ፤ አስተማሪያችን መንገድ ላይ ጥሎን ወደ አገሩ ሲመለስ የቀረውን ብቻዬን ጨረስኩት። ብየዳን የተማርኩት በሰው አጥር ቀዳዳ አጮልቄ እያየሁ ነው። ደርግ ወድቆ ሰው ሁሉ ወደ ንግድ ሲዞር፣ ከኩልፎ ወንዝ ዳር የሚቆረጠው ሙዝ ወደ መኪና መጫኛው የሚደርሰው እኔ በሠራኋቸው ጋሪዎች ነበር። ከአሮጌ መኪና የወለቀ አክስልና ደህና ኩሽኔታ ስጡኝ እንጂ፣ ሲጢጥ የሚል ጋሪ ከእጄ አይወጣም። በከተማችን፣ በሲቀላ መንገድ ላይ አንድ ጋሪ ሲጢጥ ካለ ሰው ዞር ብሎም ሳያይ "ይኼ የእሱ ሥራ አይደለም" ይላል።

ባለቤቴ የኦቾሎ ልጅ ናት። መንደራቸው ከአባያ ሐይቅ በላይ ቋጥኝ ላይ የተሰቀለ ነው፤ ወንዶቹ ሸማ ይሠራሉ፣ ሴቶቹ ይፈትላሉ። ላገባት ስጠይቅ ከአባቷ ቀድማ የተናገረችው እሷ ነች።

"እኔ የምወድቅ ነኝ፤ እወቀው" አለችኝ። "ከልጅነቴ ጀምሮ ይጥለኛል። በኋላ ደበቀችኝ እንዳትል።"

"እኔ የተገለበጠ ጋሪ ሳነሳ የምውል ሰው ነኝ። አንቺ ከጋሪ ትከብጃለሽ?"

"ጋሪ አረፋ አይደፍቅም።"

ያኔ ሳቅኩ። ሲጥላት እስካይ ድረስ መሳቅ ቀላል ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት አብረን ጨው ልንገዛ በሄድንበት፣ በአንድ ሙስሊም ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ ነው። ከጉሮሮዋ አንድ ጩኸት ወጣ፤ የእሷ ድምፅ አልነበረም፤ የሰው ድምፅም አልመሰለኝም። እንደተቆረጠ ሙዝ ወደቀች። ወዲያው ሰው ተሰበሰበ፤ የተሰበሰበው ግን በክብ፣ ራቅ ብሎ ነው።

"ክብሪት! ክብሪት ጫሩላት!"

"አትንኳት! አረፋው ይጋባል!"

"ብረት አስጨብጧት!"

ነጋዴው ክብሪት እየጫረ ጭሱን ወደ አፍንጫዋ ያስጠጋል፤ ሌላው ጥርሷን በማንኪያ እጀታ ሊፈለቅቅ ሲታገል የፊት ጥርሷን ሸረፈው። እኔ ደግሞ ባለ በሌለ ጉልበቴ እጆቿን ይዤ መሬት ላይ ተጭኛለሁ። ያን ጊዜ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ እዚያ አልነበረም፤ ምክንያቱም ማንም ምንም አያውቅም ነበር። ሲለቃት እንደ ሕፃን ተኛች። ስትነቃ የጠየቀችኝ "ምን ሆንኩ?" ብላ አይደለም።

"ማን አየኝ?" አለች።

ከዚያም በኋላ በወደቀች ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይኸው ነበር። ቁስሉን ትረሳለች፤ ያያትን ሰው አትረሳም። በእርግጥም የሚያይ ሰው ያየውን ይዞ ይሄዳል። በእድሩ ቤት ያለው ኩባያዋ ጆሮ ላይ ቀይ ክር ታስሮ አገኘችው፤ ሌላ ሰው ተሳስቶ እንዳይጠጣበት። ክሩን ፈታችና ኩባያውን ይዛ ወደ ቤቷ መጣች። ከዚያ ወዲያ ለቅሶም ሰርግም የራሷን ኩባያ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትሄድ ነበር። ድግስ ቤት ሴቶቹ "አንቺ ሽንኩርት ላጪ" እያሉ ከእሳት ያርቋታል። ግማሹ ንቀት፣ ግማሹ ርኅራኄ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት እኛው ቤት ምድጃ ላይ ወድቃ የግራ እጇ ሁለት ጣቶች ተጣብቀው ቀርተዋል። ወንዝ ብቻዋን አትወርድም። ዛፍ ላይ አትወጣም። ልጅ ስላላደለን የወንድሟን ልጅ እንደ ልጇ ነበር የምትወዳት፤ እሷንም ሕፃን ሳለች አንድ ቀን አዝላት አታውቅም። "ብወድቅባትስ?" ትላለች። ሌሎች ሲያዝሉ ታያለች እንጂ አታዝልም።

ጤና ጣቢያ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ቤተሰቧ ጸበል ብሏል፣ ጎረቤቱ አዋቂ ብሏል፤ እኔ ግን የተበላሸ ነገር ምክንያት እንዳለው ከብረት ተምሬያለሁ። የተቀበለችን ሲስተር ብዙ ጠየቀችና እንዲህ አለች፦

"መንፈስ አይደለም፤ የማንም እርግማን አይደለም። የአንጎል ሕመም ነው። አንጎል ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ነገር አለ፤ እሱ አንዳንዴ ከልክ ያልፍና ሰውየውን ይጥለዋል። አረፋው ምራቅ ነው፤ አይጋባም።"

"ገባኝ" አልኳት። "ጥርሱ የዘለለ ማርሽ ማለት ነው።"

ሳቀች። "እንደሱ በለው። ግን አንጎል በመፍቻ አይፈታም። ይኸው ክኒን። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ደህና ነኝ ተብሎ አይተውም። በተለይ ድንገት እንዳታቋርጥ፤ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። አንዱ ሳያበቃ ሌላው ይከተላል፤ መሃል ላይ አትነቃም። እንደሱ ሲሆን ይገድላልና ወደ ሆስፒታል ሩጡ።"

ሲጥላት ምን ማድረግ እንዳለብኝም አሳየችኝ፤ ስለታምና እሳት ማራቅ፣ ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ በጎኗ ማስተኛት፣ አፏ ውስጥ ምንም አለመጨመር፣ አለመያዝ። አንዴ ሰምቼ የያዝኩት ነገር ከጭንቅላቴ አይወጣም፤ ይኼ ተፈጥሮዬ ነው። በዚያው ቀን ነጋዴው ሱቅ ሄጄ፣ ደንበኛ በሞላበት፣ ሁሉንም አስተማርኩ።

"ክብሪት ለአፍንጫ አይሆንም!" አልኩት።

"ወላሂ እኔ ለምድጃ ነው የምሸጠው" አለ ነጋዴው። "ለአፍንጫ ማን ገዛኝ?"

"ያለ ገንዘብ ነዋ ያጨስካት!"

"እንግዲያው መርቀኝ፤ ሌላውማ በብድርም አይሰጥህም።"

ሱቁ በሳቅ ሞላ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ክብሪቱን አልጫረም።

ክኒኑ ሠራ። መጀመሪያ እንቅልፍ እንቅልፍ አላት፣ ምላሷን አሰራት፤ ቀስ እያለች ለመደችው። ክረምት አለፈ፣ ማንጎ ደርሶ አለቀ፣ ሌላ ማንጎ አበበ፤ እሷ አልወደቀችም። ኩልፎ ዳር ካለን ማሳ አንድ ጎኑን ለእሷ ለቀቅኩላት። ሙዝና ፓፓያ ተከለች። የመስኖ ውሃ በተራ ነው፤ ተራዋ ሲደርስ ቦዩን በአካፋ ራሷ ትከፍታለች፣ ራሷ ትዘጋለች። ውሃ ዳር ብቻዋን ስትቆም ይጨንቀኝ ነበር፤ እሷ ግን እንዲያ ስትደሰት አይቻት ስለማላውቅ ተው ልላት አልቻልኩም። ፍርሃቴ አልሞተም። እንደ ጫሞ ሐይቅ አዞ ዓይኑን ብቻ ከውሃ በላይ አውጥቶ ተኛ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የራሴ ጋሪ፣ በእጄ የሠራሁት፣ ወደ በሬ መጣ። ሙዝ የጫነ መስሎኝ ነበር። ከላዩ የተጋደመችው ባለቤቴ ነበረች፤ ከራስ እስከ እግሯ ጭቃ።

"ቦዩ ውስጥ በአፏ ተደፍታ ነው ያገኘኋት" አለኝ ያመጣት ቀን ሠራተኛ። "ጋሼ፣ ውሃው እኮ ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም! ትንሽ ብዘገይ…"

ከአፏ ጭቃ በጣቴ አወጣሁ። ሲቆይ ዓይኗን ገለጠች።

"ማን አየኝ?"

"ቀን ሠራተኛው ብቻ።"

"ውሃዬስ? ተራዬ እኮ ነበር።"

ቁርጭምጭሚት የማይሸፍን ውሃ። ባሕር ቢሆን ሰው ይጠነቀቃል። ከዚያ ወዲህ የእግር መታጠቢያ ገበቴ እንኳ ሳይ ያስፈራኝ ጀመር። መውደቁም አላቆመም፤ አንዴ ከደጅ፣ አንዴ ከአልጋ። ይዤያት ወደ ሲስተር ሄድኩ።

"ክኒኑን ትወስጃለሽ?" አለቻት።

"እወስዳለሁ።"

"ሳታቋርጪ?"

ባለቤቴ መሬት መሬት አየች። "እወስዳለሁ" አለች ደግማ።

እኔ ማታ ማታ ስትውጥ አይ ነበር። ጠዋት ግን ጎህ ሲቀድ ሙዝ ላስጭን ስለምወጣ አላይም። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የጋሪ አህዮቼን አስጠብቄ፣ ክኒኑን አፏ ውስጥ ሳላይ ከቤት አልወጣም አልኩ።

"አፍሽን ክፈቺ።"

"በቅሎ ልትገዛ ነው ጥርሴን የምታየው?"

"ምላስሽን አንሺ።"

"አይ አንተ! ምላሴንማ ብታነሳው ምን እንደምልህ ትሰማ ነበር።"

ትቀልዳለች፤ ፊቷ ግን አይስቅም። ክኒኑን ሙሉ በሙሉ መውሰድ ስትጀምር ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ሐዘን ገባት። በገበያ ቀን ከኦቾሎ ጥጥ ይዛ የምትወርድ ዘመዷ በአጥር በኩል ትጠራታለች፤ ሁለቱ በጋሞኛ ይንሾካሸካሉ። ስጠጋ ዝም ይላሉ። አንድ ቀን ያቺ ሴት ስትሄድ ባለቤቴ ባዶ እጇን ገልብጣ እያየች ቆማ አገኘኋት። ምን እንደሆነ ብጠይቃት "ምንም" አለች። ያ "ምንም" ከመውደቋ ይበልጥ አስፈራኝ።

የመውደቋ ወሬ እስከ ኦቾሎ ደረሰና ወንድሟ ላከብን፦ ቤታችሁ ጎሜ አለበት፤ ሽማግሌ ይግባ። ጎሜ ማለት በጋሞ የተከለከለውን መተላለፍ ነው። የድንበር ድንጋይ የገፋ፣ የተራበ ሰው እያየው ብቻውን የበላ፣ ጎሜ ይይዘዋል፤ ይታመማል ወይም ቤቱ ይታመማል። መድኃኒቱም የደበቁትን በሽማግሌ ፊት መናገር ነው። እኔ የሲስተሯን ቃል በቃሌ የያዝኩ ሰው፣ ማርሽ የማውቅ ሰው፣ ለዚህ በሬን ልክፈት? ግን ከቦዩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የፈራ ሰው የማያንኳኳው በር አይኖርም። ይግቡ አልኩ።

አንድ ጠዋት መጡ፤ ሦስት አዛውንት፣ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው። ወንድሟ አልመጣም፤ ልጁ ስለታመመች አሉን። ማንጎው ሥር ተቀመጡ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው፣ ዘመኑን ሁሉ ሸማ ሲሠራ የኖረ ሰው፣ ወደ እኔ ዞረ።

"ባለጋሪው፣ ከአንተ እንጀምር። የደበቅከው ካለ ተናገር።"

"እኔ የሰው ድንበር አልገፋሁም" አልኩ ተነስቼ። "የሰው ብሎን እንኳ ኪሴ አልገባም። በዚህ ከተማ እንደ እኔ በንጹሕ እጁ የሚሠራ፣ ያለ አስተማሪ…"

"ትዕቢትስ?"

"ትዕቢት ጎሜ ነው እንዴ?"

"አይደለም፤ ቢሆንማ እስኪመሽ እዚሁ በዋልን። ተቀመጥ።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች በሣሩ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። ስሟን ሳይጠሩ ተነስታ ቆመች።

"እኔ ነኝ" አለች። "ብቻዬን መብላት ፈራሁ።"

"ምን በላሽ?"

"ክኒኑን።" ድምጿ ቀጠነ። "የወንድሜ ልጅ እንደ እኔ ትወድቃለች፤ እናንተ ታውቃላችሁ፣ ባለቤቴ ግን አልሰማም። የሚያድነኝ ነገር በእጄ ላይ አለ። እሷ ስትወድቅ እየሰማሁ ብቻዬን ልዋጠው? ጎሜ አይሆንብኝም? ስለዚህ የማታዋን ለእኔ አስቀርቼ የጠዋቷን በጥጥ ጠቅልዬ እልክላት ነበር። መጀመሪያ እኔም እሷም ደህና ሆንን። በኋላ እኔን ይጥለኝ ጀመር። ይሁን፣ ግማሽ ግማሽ እንወድቃለን ብዬ ዝም አልኩ። ከቦዩ ወዲህ ግን ይኼ ሰውዬ ጠዋት ጠዋት አፌ ላይ ቆመ፤ የምልክላት አጣሁ። ባለፈው ገበያ የመጣችው ዘመዴ፣ ልጅቷን እየደጋገማት ነው ብላኛለች።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው "ያካፈለችው መልካም ነው፤ ጎሜው የቱ ላይ ነው?" አለ። ሌላው "መደበቋ ነዋ" አለ። እኔ የሚሉትን አልሰማም ነበር። የሲስተሯ ቃል ነው የሚሰማኝ፦ ድንገት እንዳታቋርጥ። አንዱ ሳያበቃ ሌላው ይከተላል።

"ልጅቷ ትሞታለች!" ብዬ ጮህኩ። "መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ነው የተቋረጠባት! አሁኑኑ ሆስፒታል ካልደረሰች ትሞታለች!"

ትልቁ ሽማግሌ ሣሩን ወገቡ ላይ ሻጠና ተነሳ። "ፍርዱ ይቆየናል" አለ። "ልጅቷ ትቅደም።"

አህዮቹን ጠመድኩ። ባለቤቴ ቅሪ ብላት አልቀርም አለች። በጫኖ መንደር መንገድ፣ በፓፓያው መሃል፣ ጋሪው እስከቻለበት ድረስ ሄድን፤ ከዚያ ሽቅብ በእግር ነው። ፀሐዩ ጭንቅላት ይበሳል። ዳገቱን ስንወጣ ዓይኔ ገደሉ ላይ ሳይሆን የባለቤቴ ተረከዝ ላይ ነበር፤ እዚህ ከወደቀች የሚያቆማት የለም። ክንዷን ያዝኩ። አብሮን የመጣው ትልቁ ሽማግሌ ከፊታችን እንደ ፍየል ይወጣል።

ኦቾሎ የሸማኔ መንደር ነው፤ ሰው ሳይናገር እንኳ የመወርወሪያው ቀጭ ቀጭ ከየቤቱ ይሰማል። የዚያን ቀን አይሰማም። ያን ጸጥታ እንደሰማሁ እርምጃዬን አፈጠንኩ። ሰዉ ከወንድሟ ቤት ፊት ለፊት፣ እንደዚያ ሱቅ ደጃፍ፣ ራቅ ብሎ በክብ ቆሟል። በሩ ላይ የነደደ የክብሪት እንጨት እፍኝ ሙሉ ተጥሏል።

ውስጥ ልጅቷ በጀርባዋ ተዘርግታ ትንዘፈዘፋለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። አባቷ እግሯን ይዞ ያለቅሳል። መንቀጥቀጡ ቆመላት፤ ሁላችንም ትንፋሽ አወጣን። ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ሳትነቃ፣ እንደገና ጀመራት።

"ልቀቅ! አትያዛት! ሲቆምላት በጎኗ አድርጋት!" አልኩ። "ቃሬዛ አምጡ!"

ቃሬዛ ከየት ይምጣ? አባቷ ዙሪያውን ተመለከተ። ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ በላይ ሊያልቅ የተቃረበ ጋቢ ተወጥሯል። ሸማኔ ያላለቀ ድር በቢላዋ አይቆርጥም፤ የስንት ቀን ላቡ ነው። ቢላዋውን አነሳና ከዳር እስከ ዳር ቆረጠው። ክሩ ተፈታ። ጋቢውን በሁለት ቀርከሃ ላይ አሰርነው።

ልጅቷን ስናወጣ ክቡ ወደ ኋላ ሸሸ። የሚሸከም አልቀረበም። አረፋው በጋቢው ጫፍ ይንጠባጠባል። ያኔ ያ አሮጌ ሽማግሌ የቀርከሃውን ጫፍ ትከሻው ላይ አኖረ። አረፋው አንገቱ ላይ ወረደ። አልጠረገውም።

"ምን ትጠብቃላችሁ?" አለ። "እኔ ሸምግያለሁ፤ ብቻዬን ላውርዳት?"

አንድ ጎረምሳ መጣ። ሌላውም ተከተለ። ከዚያ በኋላ እየተቀባበሉ፣ እየተሽቀዳደሙ ነበር ቁልቁል የወረዱት።

ጋሪው ላይ ባለቤቴ የልጅቷን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ በጎኗ ያዘቻት። እኔ በጎን እየሮጥኩ አህዮቹን እነዳለሁ። ሁለት ፍርሃት ነበረብኝ፤ አንደኛው የልጅቷ እስትንፋስ፣ ሌላው የባለቤቴ ዝምታ። እሷም ብትወድቅ ማን ማንን ይይዛል?

"ዝም እንዳትይ!" እላታለሁ። "ዝፈኚ!"

"ምን ልዝፈን?"

"የፈለግሽውን! ብቻ ዝም አትበይ!"

ጫኖን በሙሉ በጋሞኛ እያንጎራጎረች አለፈች። እንባዋ ልጅቷ ፀጉር ላይ ይወርዳል፣ ድምጿ ይቆራረጣል፣ ግን አይቆምም። መንገደኛው ሰርገኛ እንሁን ለቀስተኛ ግራ ገብቶት ያየናል። በዚያ ጉድጓዳም መንገድ ላይ ኩሽኔታዎቼ አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኹም። ሌላ ሰው የሠራው ጋሪ ቢሆን ኖሮ መሃል መንገድ ላይ ቀርተን ነበር፤ ይኼን ማንም አይክደኝም።

ሆስፒታል ስንደርስ ተቀብለው አስገቧት፤ መርፌ ወጓት፣ ሌላ ደገሙ። እኛ ከበሩ ውጪ ቆምን። መንቀጥቀጡ ቆመ፤ መንቃቱ ግን አልመጣም። ያን ቀን አልነቃችም። ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፋ "ያካፈልኩ መስሎኝ ነው የገደልኳት" እያለች ትደጋግማለች። ለሁሉ ነገር መልስ የማያጣው እኔ፣ የወደቀ ነጠላዋን አንስቼ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ልጅቷ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ባለቤቴ ጎንበስ አለች።

"ማን አየኝ?" አለች ልጅቷ።

ባለቤቴ ፊቷን በነጠላ ሸፈነች። ሲቆይ ገለጠችና ጸጉሯን እየዳሰሰች መለሰችላት።

"ሁሉም አየሽ፣ ልጄ። ሁሉም ተሸከመሽ።"

ልጅቷ በራሷ ስም የራሷን ክኒን ማግኘት ጀመረች። ሲስተሯ ባለቤቴን ልትቆጣ ጀምራ መሃል ላይ ተወችው። "ለሁለት ስትከፍሉት ለሁለታችሁም አነሰ" አለቻት፤ "ሁለታችሁንም ይዘሽ መምጣት ነበረብሽ።" ሽማግሌውም ፍርዱን አልረሳም። ልጅቷ ስትሻላት መጣና ማንጎው ሥር ተቀመጠ።

"ምግብ ብቻሽን ብትበዪ ጎሜ ነው" አላት። "ይኼ ግን ምግብ አይደለም። ለአንድ ሰው ልክ የተሠራ ጋቢ ነው። ለሁለት ብትቀጂው ሁለታችሁንም ብርድ ይመታችኋል። ለሌላው ሌላ ይሠራል እንጂ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "የተቆረጠውን ጋቢ ግን አባቷ እንደገና ሠርቶታል። አንተ ምን አበረከትክ?"

"እናንተን ቤቴ ያስገባሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "ባላስገባችሁ ኖሮ ይኼ ሁሉ አይወጣም ነበር። ጋሪውም የእኔ ነው።"

"ትዕቢት ጎሜ ባይሆን ነው የዳንከው" አለች ባለቤቴ።

ልጅቷ ለሆስፒታሉ እንድትቀርብ እኛ ዘንድ ተቀመጠች። ጓሮ ተቀምጣ ትፈትላለች። እድር ቤትም አብረው ሲሄዱ ሁለት ኩባያ በነጠላቸው ይቋጥራሉ፤ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን አይማርም። አልፎ አልፎ አንዳቸውን ይጥላቸዋል። ጤና ጣቢያው "ክኒን አልቋል፣ ሰኞ ተመለሱ" የሚልበት ጊዜም አለ፤ ያን ሰኞ እስኪደርስ ብረት አልመታም፤ ቁጭ ብዬ ሁለቱን አያለሁ።

አሁን የምሰማው ሁለት ድምፅ ነው። ይጨቃጨቃሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ በእኔም ያሾፋሉ። ጠዋት ላይ ግን ሁለቱም አንድ ላይ ጸጥ የሚሉበት ጊዜ አለ። መዶሻዬን አየር ላይ አቆማለሁ። አልሮጥም፤ እጠብቃለሁ። ኩባያ ሲቀመጥ ይሰማኛል፤ ከዚያ የልጅቷ ድምፅ "አክስቴ፣ ይኼ ነገር ምንኛ ይመራል!" ይላል፣ ባለቤቴም "ዋጪው፣ አታውሪ" ትላታለች።

ያኔ መዶሻውን አወርደዋለሁ።